አራተኛው እልልታ

ቦንጋ ውስጥ የበዛወርቅን እልልታ አልሰማሁም የሚል ሰው ካለ ወይ ትናንት የመጣ ነው፣ ወይ ጆሮውን ያመዋል። ሠርግም ይሁን ክርስትና፣ ታቦት ሲወጣም ሆነ ልጅ ሲወለድ፣ የእሷ ድምፅ ቀድሞ ካልተሰማ ነገሩ እንደ ተጀመረ አይቆጠርም ነበር። ከገበያው በታች ካለው ቤቷ ደጃፍ እልል ስትል መናኸሪያ ያሉት ወያሎች አንገታቸውን ያዞራሉ። ወያላ እንግዲህ ራሱ ቀኑን ሙሉ ሲጮህ የሚውል ፍጡር ነው፤ እሱን ዝም ያሰኘ ድምፅ ምን ዓይነት እንደሆነ እናንተው ገምቱት።

ድምፁ ዝም ብሎ ከሰማይ አልወረደላትም። ያደገችው ከዋጫ ወዲያ፣ ጫካውና ማሳው አጥር ሳይለያቸው የሚኖሩበት መንደር ነው። በቆሎው እሸት ሲይዝ ማማ ላይ ወጥታ ትጠብቃለች። ከርከሮው ይመጣል፣ ጦጣው ይመጣል፣ ከሁሉም የከፋው ደግሞ ዝንጀሮው ይመጣል፤ ዝንጀሮ ሴት ይንቃል ይባላል፣ እውነትም ይንቃል። ወንድሞቿ ወንጭፍ ነበራቸው፤ እሷ ያላት ጉሮሮ ብቻ ነው። መጀመሪያ ሰሞን ስትጮህበት አውራው ዝንጀሮ ቁጭ ብሎ እያያት በቆሎውን ይግጥ ነበር፤ እንዲያውም አንዴ አዛጋባት። ያ ማዛጋት አንገበገባት። ስትጮህ ስትጮህ ድምፅን ከጉሮሮ ሳይሆን ከሆድ ማውጣት ለመደች፤ በዓመቱ ያው አውራ ገና ሲሰማት በቆሎውን ጥሎ፣ ሚስቶቹንም ልጆቹንም ረስቶ ፈረጠጠ። «ቤተሰቡን ጥሎ የሮጠ አባወራ!» እያለች ኋላም ድረስ ትስቅበት ነበር።

እንዲህ ያለችው ሴት ደግሞ ያገባችው ማንን መሰላችሁ? ወልደ ማርያም አናጢውን! ወልደ ማርያም ሥራ ላይ ሲሆን ምስማሮቹን አፉ ውስጥ ይይዛል፤ ሰው ሲያናግረው ምስማሩን ያወጣና ትንሽ አስቦ መልሶ ይጎርሰዋል። ያ ነው መልሱ። ባልና ሚስቱን የሚያውቅ ሁሉ «እግዜር አንዱን አፍ ለሁለት ሲያካፍል ዘነጋና ሁሉንም ለእሷ ሰጣት» ይላል። ነገር ግን ይዋደዱ ነበር። እሷ ቆጮና ቅቤ ይዛ ገበያ ትውላለች፣ እሱ በርና መስኮት ይሠራል፣ ማታ እሷ የቀኑን ወሬ ስታወራ እሱ እያዳመጠ ይስቃል።

አሁን ስለ እልልታው ደንብ ልንገራችሁ፤ እሱን ካላወቃችሁ የኋላው አይገባችሁም። በዚያ ሰፈር ልጅ ሲወለድ ለወንድ ሰባት ጊዜ፣ ለሴት ሦስት ጊዜ እልል ይባላል። አጥር ለአጥር ያለው ሰው ሁሉ ሥራውን ትቶ ያዳምጣል። ሦስተኛው ካለቀ በኋላ አንዲት አፍታ ጸጥ ይላል፤ በዚያች አፍታ ሰው ሁሉ አራተኛውን ይጠብቃል። አራተኛው ከመጣ ወንድ ነው። ካልመጣ ሴት ናት፤ ወንዶቹም «እሷም ትደግ» ብለው ወደ ሥራቸው ይመለሳሉ።

በዛወርቅ ልጇን ጽጌን የወለደች ዕለት እልል ያለችው አማቷ ነበረች። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ብላ አበቃች። በዛወርቅ ከመጋረጃው ጀርባ ተኝታ ነበር። ሴት መሆኗን አይታለች፤ ሕፃኗ እኮ ክንዷ ላይ ናት! ወንድም አልተመኘችም። ግን አራተኛውን ጠበቀች። ለምን እንደጠበቀች ራሷም አላወቀችም፤ ብቻ ጸጥታው ሲረዝም ልጇን ጥብቅ አድርጋ አቀፈች። ከዚያ በኋላ ሌላ ልጅ አልተወለደም።

አማቷ ስታርፍ የሰፈሩ እልልታ በእሷ እጅ ገባ። ደንቡን አላፈረሰችም። አራተኛውን ለሴት ጨምሮ ሰፈር ማሳሳት ይቻላል እንዴ? ሰው የወንድ መስሎት በግ ይዞ ቢመጣስ? ብቻ የተወለደችው ሴት ከሆነች ሦስተኛውን ታስረዝመዋለች። ትንፋሿ እስኪያልቅ ትጎትተዋለች። ይህን ልብ ያለችው ጎረቤቷ መኪያ ብቻ ናት። መኪያ ባለሱቋ፣ ባሏ ከስልጤ መጥቶ ንግድ የከፈተ፣ በዓል ሲመጣ ከበዛወርቅ ጋር በአጥር ላይ ዳቦ የምትቀባበል፣ ምላሷ እንደ ምላጭ የሆነች ሴት ናት። «እትዬ በዛ፣ ሦስተኛዋን ምን አድርጋሽ ነው እንዲህ የምትጎትቻት?» ብላ ጠይቃት ነበር። በዛወርቅ «ጉሮሮዬ ነው» ብላ አለፈችው።

ጉሮሮዋ እውነትም ጉድ ነበረበት። በዚያ አገር ብዙ ሰው አንገቱ ላይ የሚያወጣው እንቅርት እሷም ላይ ወጥቶ ነበር። መጀመሪያ የርግብ እንቁላል ያህል ነበር፤ በነጠላ ትሸፍነው ነበር። በኋላ ነጠላውም አልበቃ አለ። የጤና ኤክስቴንሽኗ ልጅ በየቤቱ እየዞረች አዮዲን ያለው ጨው ብሉ ማለት የጀመረችው ከብዙ ጊዜ በኋላ ነው፤ ለበዛወርቅ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ሆነባት። አንድ ወጣት ሐኪም አንገቷን ዳሰሰና መውጣት አለበት፣ ጅማ እንልክሻለን አላት። መልካም። ቀጥሎ ግን ድምፅ የሚያወጣው ነርቭ እዚያው አጠገብ ስለሆነ ድምፅሽ ሊጎረንን ይችላል አለ። በዛወርቅ ነጠላዋን አንገቷ ላይ ጠመጠመችና ብድግ አለች።

«ዶክተር፣ ለጽጌ ልጅ እልል ሳልል ማንም አንገቴን አይነካም።»

ጽጌ በዚያን ጊዜ ቢታ ገነት በምትባል ከተማ አስተማሪ ነበረች። ግብርና ቢሮ የሚሠራ አዲሱ የሚባል ሰው አግብታ ዓመታት ቢያልፉም ልጅ አልመጣም። በዛወርቅ ያልተሳለችበት ደብር፣ ያልሰማችው ምክር የለም። ለሰው ሁሉ ልጅ እልል ስትል ኖራ ለራሷ የልጅ ልጅ ሳትል መሞት እንደ እሳት ያቃጥላት ነበር። ሐኪሙ በየጊዜው ይመክራታል፤ እሷ ጆሮ ዳባ ልበስ ትላለች።

ከዕለታት አንድ ቀን ከቢታ ስልክ ተደወለ። ጽጌ አረገዘች! በዛወርቅ ስልኩን እንደያዘች እዚያው እልል አለች፤ ጽጌ «እማዬ፣ ጆሮዬን!» ብላ ከወዲያ ጮኸች። እንግዲህ ደስታዋ ሳይበርድ፣ በዚያው ሰሞን፣ እንቅርቱ ትንፋሽ ይከለክላት ጀመር። አንድ የገበያ ቀን ከአንዲት ገዢ ጋር ስትከራከር አፏ እንደተከፈተ ቀረ፤ ቃልም አየርም አልመጣ አለ። መኪያ ሱቋን ጥላ ሮጣ ጥላ ሥር አስቀመጠቻት፤ ትንፋሿ እስኪመለስ ጠብቃም ቁጣዋን አወረደችባት።

«ሞተሽ ነው እልል የምትይው? የሚወለደው ልጅ አያት ይፈልጋል እንጂ ጥሩንባ አይፈልግም!»

ጥሩንባ መባሏ ከነከናት። መኪያን ለጥቂት ቀን አኮረፈቻት። ከዚያ ነጠላዋን ለብሳ፣ ወልደ ማርያምን አስከትላ ጅማ ሄደች።

ኦፕራሲዮኑ ተሳካ፤ እንቅርቱ ወጣ፣ ትንፋሿም እንደ ልብ ሆነ። ድምፅዋ ግን ቀረ። የጅማው ሐኪም ሊመለስም ላይመለስም ይችላል፣ ለጊዜው ዝም በይ ብሎ አሰናበታት። ቦንጋ ደርሳ የግቢዋን በር ከፍታ «ነብሮ!» ብላ ውሻዋን ስትጠራው፣ ራሷ በእጇ ያሳደገችው ነብሮ ጥርሱን አግጦ ጮኸባት። ድምፁን አላወቀውማ! ቀርቦ ካሸተታት በኋላ ጅራቱን ቆላ፤ እሷ ግን በሩ ላይ ቆማ አለቀሰች።

ላሟም ያው። በዛወርቅ ስታልብ በካፍኛ የምታጉረመርምላት ነገር ነበራት፤ ግማሹ ሙገሳ፣ ግማሹ ስድብ፤ ላሟ እሱን ስትሰማ ወተቷን ትለቃለች። አሁን የሚወጣው ድምፅ ሲሻክርባት ዞር ብላ አየቻትና ወተቷን ያዘች። ወልደ ማርያም ምስማሩን ከአፉ አውጥቶ መጣ። ላሟ አጠገብ ተቀመጠና «እሺ እመቤት፣ አይዞሽ፣ እኔ ነኝ» እያለ በቀጭን ድምፁ ያባብላት ጀመር። ወተቱ ወረደ። በዛወርቅ በሹክሹክታ፣ «ይህን ሁሉ ዘመን አፍ ነበረህ እንዴ?» አለችው። ቀናች እኮ! በላም ቀናች።

ቆጮውንም እሱ ይሸጥ ጀመር። ምንም ሳይናገር ከዕቃው አጠገብ ይቆማል፤ ሴቶቹ የሚከራከራቸው ሲያጡ ገዝተው ይሄዳሉ፤ ከወትሮው ቀድሞ ያልቃል። በዛወርቅ ይህን ስትሰማ ደስ ሊላት ሲገባ ተቆጣች። መኪያ ደግሞ በአጥሩ ላይ ብቅ እያለች «ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባበትም፣ እትዬ» ትላታለች። ወይ ጊዜ! መልሳ የማትሰድባት መሆኑን ስላወቀች ነው።

ጽጌ ወሯ ሲቃረብ፣ የበኩር ልጅ እናት ቤት ነው የሚወለደው በሚለው ወግ፣ ሆዷን ይዛ ቦንጋ መጣች። ጽጌ አባቷን ናት፤ ዝምተኛ። ልጅ ሳለች በትምህርት ቤት በዓል እናቷ እልል ስትል ከጓደኞቿ ጀርባ ትደበቅ ነበር። በጓደኞቿ ሠርግ ላይ እንኳ አፏን በነጠላ ሸፍና እልል የምትል ትመስላለች እንጂ ድምፅ አይወጣትም። አንድ ቀን የእናቷን አንገት ጠባሳ እያየችላት ሳለ በዛወርቅ እንባዋ ወረደ።

«እማዬ፣ አመመሽ?»

በዛወርቅ ራሷን ነቀነቀችና በሹክሹክታ ነገረቻት። ስለ መጋረጃው፣ ስለ ሦስቱ እልልታ፣ ስለ ጸጥታው፣ አራተኛውን ስለ መጠበቋ። ለማንም ተናግራው አታውቅም ነበር። «አንቺን ታቅፌ ነው የጠበቅኩት» አለቻት። «ለልጅሽ ወንድም ይሁን ሴት ሰባቱንም እልላለሁ ብዬ ነበር። ሰፈሩ የፈለገውን ይበል ብዬ ነበር። ይኸው፣ አንዷም ጠፋች።» ጽጌ ነጠላውን መልሳ አንገቷ ላይ አደረገችላትና እጇን ይዛ ተቀመጠች።

በዛወርቅ ግን እጅ የምትሰጥ ሴት አይደለችም። ጠዋት ጠዋት ጀሪካኗን ይዛ ጫካው ጥግ ወዳለው ምንጭ ትወርዳለች፤ ማንም በሌለበት ልትሞክር። አንድ ማለዳ አፏን ሸፍና፣ ትንፋሿን ከሆዷ ስባ፣ እልል ልትል ስትል የወጣው «ጉርርርርር» የሚል ነገር ሆነ። ደንግጣ ቆመች። ወዲያው ከበላይዋ ካለው ዛፍ ላይ፣ ነጭ ፀጉሩን ትከሻው ላይ የጣለ አውራ ጉሬዛ «ጉርርርርር» ብሎ መለሰላት። ከሸለቆው ማዶ ሌላው ተቀበለው፤ ከዚያ ሌላው። በዛወርቅ ጀሪካኗን ጥላ እስኪያማት ሳቀች። ከጅማ ከተመለሰች ወዲህ ስትስቅ የመጀመሪያዋ ነበር።

ለመኪያ ስትነግራት መኪያ አጥሩን ይዛ ተንከተከተች። «እሰይ! ዘመድ አገኘሽ። እነሱም እንዳንቺ ነጭ ነጠላ ለብሰው የለ!»

«ሳቂ አንቺ!» አለች በዛወርቅ። ትንሽ ቆይታ ግን ፊቷ ወደቀ። «መኪያ፣ ለልጄ ልጅ እንደ ጉሬዛ ነው የምጮኸው? ሰው ፊት እንዴት እቆማለሁ?»

መኪያም ሳቋን ዋጠች። «ሰዓቱ ሲደርስ እኔ እጀምርልሻለሁ፣ እትዬ» አለቻት። በዛወርቅ እሺም እንቢም ሳትል ገባች።

ሰዓቱ የደረሰው ጉም ገና ከሸለቆው ሳይነሳ ነው። ጽጌን ጤና ጣቢያ አስገቧት። የሰፈሩ ሴቶች ጋቢና ነጠላቸውን ተከናንበው ከክፍሉ ፊት ለፊት ቆሙ፤ ወንዶቹ እንደ ወጉ ከአጥሩ ውጭ ቀሩ። አዲሱ ከቢታ በሌሊት መኪና ደርሶ ወዲያ ወዲህ ይላል። ወልደ ማርያም አጥሩን ተደግፎ፣ ሥራ በሌለበት፣ አንድ ምስማር ጎርሶ ቆሟል። በዛወርቅ ከንፈሯን እየነከሰች መስኮቱን ታያለች።

በመጨረሻ የሕፃን ልቅሶ ተሰማ፤ ስል፣ ቁጡ ልቅሶ። አዋላጅ ነርሷ ብቅ አለች።

«ሴት ናት። እናትም ልጅም ደህና ናቸው።»

ሴቶቹ ሁሉ ወደ በዛወርቅ ዞሩ። አያት ቆማ ሌላ ሰው አይጀምርም። መኪያ ጠጋ ብላ «ልጀምርልሽ?» አለቻት። በዛወርቅ እጇን አነሣች፤ ተይ ማለቷ ነው። አፏን በነጠላዋ ጫፍ ሸፈነች።

«ጉርርርርር!»

ከኋላ አንዲት ሴት ሳቅ አመለጣት፤ መኪያ ሳትዞር ቆነጠጠቻት። በዛወርቅ ሁለተኛውን አለች። ሦስተኛውን አለች፤ እንደ ልማዷም ጎተተችው፣ ትንፋሿ እስኪያልቅ። ሴቶቹ ነጠላቸውን እያስተካከሉ እንኳን ማርያም ማረቻት ሊሉ ተዘጋጁ። በዛወርቅ ግን እጇን ከአፏ አላወረደችም። እንደገና ትንፋሽ ሳበች።

«እትዬ፣ ሴት ናት እኮ የተባለው» አለች አንዷ በቀስታ።

ሰምታለች። አራተኛውን ልትል ሞከረች፤ አየር ብቻ ወጣ። እንደገና ሞከረች። ምንም። ግቢው ጸጥ አለ። ያ ጸጥታ ያው የመጋረጃው ጀርባ ጸጥታ ነበር፤ አወቀችው። እንባዋ በነጠላዋ ላይ ወረደ። ለእኔም አልመጣ፣ ለእሷም አልመጣ አለች በልቧ።

«እልልልልልልልል!»

ድምፁ ከመስኮቱ ነው የወጣው። ጥርት ያለ፣ ከሆድ የመጣ። ሴቶቹ ተያዩ። ውስጥ ነርሷ «ኧረ ተኚ! ምን ሆነሻል አንቺ ልጅ!» እያለች ትጮኻለች፤ ጽጌ ግን አምስተኛውን ቀጠለች። ድምፅ የላትም የተባለችው ጽጌ! በዛወርቅ ነጠላዋን ከአፏ አውርዳ ቆመች። ድምፁን ታውቀዋለች። ማማ ላይ ሆና አውራውን ዝንጀሮ ያባረረችበት ድምፅ ነው። ስድስተኛው መጣ። ሰባተኛው ሲወጣ መኪያና ሴቶቹ ሁሉ አብረው አቀለጡት፤ እላይ መናኸሪያ የነበሩት ወያሎች አንገታቸውን አዞሩ አሉ።

ወጉን ረስቶ፣ ምስማሩን በጥርሱ እንደነከሰ የአጥሩን በር በርግዶ የገባው ወልደ ማርያም ነው። ባርኔጣው የት እንደወደቀ እንጃ።

«በዛ! ድምፅሽ ተመለሰ! ሰማሁት እኮ!»

አዲሱ ከኋላው እያለከለከ ደረሰ። «ወንድ ነው?»

«ሴት ናት» አለችው መኪያ።

«ሰባት ነው የሰማሁት!»

«ጆሮህ ደህና ነው፤ ግባና ልጅህን ሳማት።»

በዛወርቅ የባሏን እጅ ያዘች። «የጽጌ አባት፣ የእኔ አይደለም» አለችው በዚያች በሻከረች ድምፅዋ፤ ወደ መስኮቱም አሳየችው። ወልደ ማርያም መስኮቱን አየ። ከዚያ ምስማሩን ከአፉ አወጣና ኪሱ ከተተው።

«ያኔ ጽጌ ስትወለድ» አለ፣ «ሴት መሆኗን ቀድመው ነግረውኝ ነበር። ግን ከአጥሩ ውጭ ቆሜ አራተኛውን ጠበቅኩት።»